ባለ ወፍጮው የት አለ?

ከአምቦ ተነሥቶ ወደ ወሊሶ የሚሻገረውን ዳገታማ መንገድ የያዘ ሰው፥ የገብሱን ማሳና የእንሰቱን ጓሮ እያለፈ፥ ብርዱም እየጠነከረበት ሲወጣ ይቈይና በድንገት መሬቱ ከእግሩ ሥር ይከፈትበታል። ወንጪ ነው። በጥንት ዘመን እሳት ይተፋ የነበረው ተራራ አናቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ውሃ ሞልቶበታል፤ ከውሃው መካከል ደሴት ብቅ ብላለች፤ በደሴቲቱም ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የአስተዳደር ካርታ ቦታውን ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ውስጥ ያኖረዋል፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ከምዕራብ ሸዋ ጋር ይቈጠር ስለ ነበር፥ እኛ የአምቦ ልጆች እስከ ዛሬ ድረስ «ወንጪያችን» ከማለት አልተመለስንም።

ስለ ወንጪ ውበት ብዙ ተብሏል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅትም በ2014 ዓ.ም. ምርጥ ከሚላቸው የቱሪዝም መንደሮች መካከል አንዷ አድርጎ መርጧታል። እኔ የማወጋው ግን ስለ ሌላ ዓይነት መመረጥ ነው፤ ስለ ቀበሌ ምርጫ። አንባቢ «ከዚህ ሁሉ ውበት መካከል ቀበሌን ምን አመጣው?» ቢለኝ አልፈርድበትም። ነገሩ ከራሴ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከዐሥራ ሰባት ዓመት በላይ በልቤ ይዤው ኖሬአለሁ።

እኔ የቀበሌ ልጅ ነኝ። የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ገበሬውን ቢያንስ በ800 ሄክታር መሬት በአንድ ማኅበር አደራጀው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ደግሞ ከተሜውን በቀበሌ መደበው። እኔ ይህ ሁሉ ከሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ተወለድኩ ቀበሌ የሌለበትን ዓለም አላውቀውም። ስኳሩና ጨው ከኅብረት ሱቅ ነው። እስከ መቶ ብር የሚከራየውን ቤት የሚያስተዳድረው ቀበሌ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት በአጥር ቢጣላ የሚዳኘው የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ነው። ልጅ ሳለሁ «መንግሥት» ሲባል በዐይነ ኅሊናዬ የሚመጣው ቤተ መንግሥትም ንጉሥም አልነበረም፤ በር ላይ ክላሽንኮቭ ይዞ የሚቀመጥ ጎረቤታችን ነበር።

ምርጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚያው በቀበሌያችን አዳራሽ ነው፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ ቀሪ ሆኖ እንዳይቀጣ ከሥራ እንደ ተመለሰ ሄዷል፤ እኔም ኮቱን ይዤ ተከትዬዋለሁ። ከመድረኩ ላይ የሰዎች ስም ይጠራል፤ ቀጥሎ «የሚደግፍ?» ይባላል፤ አዳራሹ በእጅ ይሞላል። «የሚቃወም?» ይባላል፤ አዳራሹ ባዶ ይሆናል። «ድምፀ ተአቅቦ?» ይባላል። ይህቺን ሦስተኛይቱን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቻት ስለማላውቅ የአባቴን እጅጌ ጐትቼ ትርጉሟን ጠየቅሁት። አባቴ ዙሪያውን ገልመጥ አደረገና፥ ወደ ጆሮዬ ጐንበስ ብሎ «እጄን ደከመኝ ማለት ነው» አለኝ። ለብዙ ዓመታት የቃሉ ፍቺ ይኸው ይመስለኝ ነበር። አሁንም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ፍቺ በመዝገበ ቃላት አላገኘሁም።

በዚያው መድረክ ላይ እሑድ እሑድ የቀበሌው የኪነት ቡድን ያቀርብ ነበር። ዘፈኑ፥ ሽለላው፥ ድራማው አይቀርም። አድኃሪው ባለ ትልቅ ሆድ ነው፤ ሠርቶ አደሩ ሸሚዙን ጠቅልሎ ይገባል። ይህ ዛሬ ቢያስቅም እኔ ግን ባለ ዕዳ ነኝ፤ ሰው ሌላ ሰው መስሎ መቆም እንደሚችል፥ ተመልካችም ያንን እያወቀ ማልቀስ እንደሚችል ያስተማረኝ ያ ቡድን ነው። ኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ስማር ስለ ግሪክ መድረክ ሲነገረን እኔ በሐሳቤ የማየው ያንን የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር። እንግዲህ ምርጫንና ቴአትርን የተዋወቅኋቸው በአንድ መድረክ፥ በአንድ መጋረጃ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለእኔ እንደ ሌላው ሰው ቀላል ያልሆነልኝ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አምቦ ደግሞ ለቴአትር እንግዳ አይደለችም። ከአምቦ አጠገብ በቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና የአምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ግሪኩ ንጉሥ ዲዮኒሲየስ ቴአትር ደርሶ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ታይቶለታል። ስለ አንድ ንጉሥ የተጻፈ ነገር በሌላ ንጉሥ ፊት! የአገራችን ጸሐፌ ተውኔት ከልጅነቱ ጀምሮ ባለ ሥልጣን ፊት ለፊት ተቀምጦለት ነው የሚጽፈው። ጸጋዬ እንዴት እንደ ቆመ ሥራው ይናገራል። እኔ እንዴት እንደ ቆምኩ ልናገር።

በ2000 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አንድ መሥሪያ ቤት አስጠራኝ። በሚያዝያ ወር የአካባቢ ምርጫ ይደረጋል፤ ሕዝቡ በብዛት ወጥቶ ድምፅ እንዲሰጥ የሚያስተምር የአርባ ደቂቃ ድራማ በኦሮምኛ ጽፌ፥ ከአማተር ተዋንያን ጋር በየገበያው እየዞርኩ እንዳሳይ ተጠየቅሁ። አበሉ ጥሩ ነበር። እኔም ሃያዎቹን ያልጨረስኩ፥ ትዳር የያዝኩ፥ ቤት የተከራየሁ ሰው ነበርኩ። ይህን የምለው ለሰበብ አይደለም፤ ወይም ጥቂት ለሰበብም ነው።

የጊዜውን ሁኔታ ያላስታወሰ ሰው ቀጥሎ የማወጋው አይገባውም። የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ጠቅላላ ምርጫ ብዙ ክርክርና ብዙ ተስፋ የታየበት፥ በኋላም ብዙ ደም የፈሰሰበት ነበር። ከዚያ በኋላ ይደረግ የነበረው የአካባቢ ምርጫ እየተላለፈ ቈይቶ ሚያዝያ 2000 ላይ ደረሰ። የቀበሌ ምክር ቤት ወንበር ቀድሞ በጥቂት ሰዎች ይያዝ የነበረው በዚህን ጊዜ በየቀበሌው 300 ያህል ደረሰ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲደመር መቀመጫው 3 ሚሊዮን ተኩል አለፈ። ይህን ያህል ዕጩ ማቅረብ የሚችለው አንድ ግንባር ብቻ ነበር። በእኛ አካባቢ ደጋፊ የነበራቸው ተቃዋሚዎች፥ የእነ ዶክተር መረራ ጉዲና ፓርቲ የነበረበት ኅብረትም ሆነ የአቶ ቡልቻ ደመቅሳ የኦሮሞ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ፥ ዕጩዎቻችንን ማስመዝገብ ተከለከልን፥ ተዋከቡብን ብለው ምርጫው ሳይደርስ ወጡ። ድራማውን ስጽፍ ይህ ሁሉ ገና በውል አልለየም ነበር፤ ወይም እኔ እንዲለይልኝ አልፈለግሁም።

ድርሰቱ በአንዲት ደሴት ላይ የሚፈጸም ነው። ደሴቲቱን ከወንጪ ነው የወሰድኳት። በደሴቲቱ አንዲት ትንሽ ቀበሌ አለች፤ ሁለት ዕጩዎችም ይወዳደራሉ። አንደኛው ጀልባ ቀዛፊ ነው፤ ነገረኛ፥ ተጫዋች፥ ለሁሉም ተስፋ የሚሰጥ። ሁለተኛው ባለ ወፍጮ ነው፤ ዝምተኛ፥ ሚዛን የማያዛባ፥ ግን ዱቤ የማይሰጥ። የምርጫው ጣቢያ ከሐይቁ ማዶ ስለ ሆነ መራጩ ሁሉ ለመሻገር የቀዛፊውን ጀልባ መሳፈር አለበት። በጀልባዋ ላይ የሚደረገው ወሬ ነበር የድርሰቱ ልብ። ባለ ወፍጮው ራሱ ድምፅ ለመስጠት በተፎካካሪው ጀልባ ይሳፈራል፤ ሁለቱ ሰዎች ሐይቁ መካከል ደርሰው ማዕበል ይነሣል። በመጨረሻ ቀዛፊው በአንድ ድምፅ ይበልጣል፤ ያቺን አንድ ድምፅ የሰጠው ማን እንደ ሆነ ተመልካቹ ያውቃል፤ ባለ ወፍጮው ነው። ሐይቁ መካከል የቀዛፊውን ክንድ አይቶ ነው የመረጠው።

ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና ደኅና ድርሰት ነበር። ጊንጪ ላይ ተጨበጨበ። ጉደር ላይ ከገበያው የመጡ ሰዎች «ባለ ወፍጮው! ባለ ወፍጮው!» እያሉ ጮኹ። ጌዶ ላይ ዝናብ አባረረን። አንድ የካድሬ ጓደኛዬ ብቻ ከትዕይንቱ በኋላ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ሁለት ዕጩ ከየት አመጣህ?» አለኝ። ሳቅሁ። እርሱ ግን አልሳቀም።

የመጨረሻው ትዕይንት ከሐይቁ ዳር፥ በሣሩ ላይ ነበር። ድርሰቱን ወደ ወሰድኩበት ቦታ ስመለስ ፈራሁ፤ ባለቤቶቹ ምን ይሉኛል ብዬ። ፈረስ የሚያከራዩት ልጆች፥ እንጨት ተሸክመው ከገደሉ የሚወጡት ሴቶች፥ ከደሴቲቱም በጀልባ የተሻገሩ ጥቂት ሰዎች ተቀመጡ። ከፊት፥ በጋቢ ተጠቅልለው፥ አንዲት እናት ነበሩ። እየተጫወትን ሳለ ለባለ ወፍጮው ምክር ይሰጡት ነበር። «ዱቤ ስጥ እንጂ ልጄ፤ ትሸነፋለህ!» ይሉታል። ተዋናዩም ግራ ገብቶት አንድ ሁለቴ መልስ ሰጣቸው። ሲሸነፍ ሰደቡን።

ሚያዝያ ላይ ድምፅ የሚሰጥበት እሑድ ደረሰ። እኔ በሐይቁ ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ የሕዝብ ታዛቢ ሆኜ ተመድቤ ነበር። ቀበሌውን አልጠራም፤ በዚያን ዕለት እዚያ የተለየ ነገር አልተደረገምና፤ በብዙ ስፍራ የሆነው ነው የሆነው። ጣቢያው የመማሪያ ክፍል ነበር። የዕጩዎቹ ዝርዝር በግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሥራ ስለ ፈታሁ ስሞቹን ቈጠርኳቸው። ለመቀመጫዎቹ ልክ ነበሩ፤ አንድም ትርፍ፥ አንድም ጐደሎ የለም። እንዲያ ያለ ልከኛ ልብስ ሰፊም ሰፍቶልኝ አያውቅ።

ረፋድ ላይ እኒያ እናት መጡ። ከሰልፉ ተራቸውን ጠብቀው ገቡ፤ ወረቀታቸውን ተቀበሉ፤ ወደ መጋረጃው ግን አልሄዱም። ለአስፈጻሚው ልጅ እንዲህ አሉት፤ በኦሮምኛ ነበር፥ እኔ በአማርኛ ልመልሰው፦

«የእኔን ለባለ ወፍጮው ነው። የትኛው ነው?»

ልጁ አልገባውም። «የቱ ባለ ወፍጮ፥ እማማ?» አላቸው።

«ያ ዱቤ የማይሰጠው። ዳር ላይ ያየነው። ባለፈው በአንድ ድምፅ ተሸንፏል፤ ዛሬ የእኔን ጨምሩለት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፖሊሱ ሳቀ፤ ሰልፈኛው ሳቀ። ልጁም ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፥ ይህ የእርስዎ ጣጣ ነው፤ ያስረዷቸው» አለኝ።

ተነሥቼ ወደ እርሳቸው ሄድኩ። ይህን ጊዜ ስንት ጊዜ በሐሳቤ መልሼ እንደ ተጫወትኩት አልናገርም። ጐንበስ ብዬ «እማማ፥ ባለ ወፍጮው እኮ የለም። ያ ጨዋታ ነው» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ፊቴን አዩ። ከዚያም ዝርዝሩ ወደ ተለጠፈበት ግድግዳ በአገጫቸው አመልክተው «ይህስ?» አሉኝ።

መልስ አልሰጠሁም። እጄን ደከመኝ።

ማታ ቈጠራው ላይ አንድ ወረቀት በጀርባው የአውራ ጣት አሻራ ተደርጎበት ተገኘ፤ በፊቱ በኩል ምንም የለበትም። አስፈጻሚው ግራ ቀኙን አይቶ ዋጋ ከሌላቸው ድምፆች ጋር አኖረው። የማን እንደ ነበረ በእርግጥ ለመናገር አልችልም፤ የድምፅ ምስጢር የሚባል ነገር አለ። ታዛቢ ነኝና በቅጹ ላይ ፈረምኩ።

አንባቢ «የአንዲት እናት አለመረዳት ይህን ያህል ምን ያብከነክናል?» ይል ይሆናል። እኔ ግን ባሰብኩት ቍጥር እርሳቸው እንዳልተሳሳቱ ነው የሚገባኝ። ድራማው ምርጫን እንዲያስተምር ነበር የተጻፈው፤ እርሳቸውም ተማሩ። ምርጫ ማለት ሁለት ሰዎችን አይቶ፥ ሚዛናቸውንና ክንዳቸውን መርምሮ፥ ለአንዱ ማድላት እንደ ሆነ ከእኔ ተማሩ፤ የተማሩትንም ይዘው ወደ ጣቢያው መጡ። የተሳሳተው ከጣቢያው ያልነበረውን ነገር በመድረክ ላይ አስውቦ ያቀረበው ሰው ነው። ቴአትር የሌለውን ነገር እንዳለ አድርጎ ያሳያል፤ ሞያችን ይህ ነው፤ በዚህም ማንም አይከሰስም። ነገር ግን የሌለውን ሰው በመድረክ አሳይቶ «ነገ ጣቢያ ድረስ ሄዳችሁ ምረጡ» ብሎ ሰውን መላክ ሌላ ነገር ነው። የወፍጮ ቤቱን መዝጊያ ሥዕል ስለን «ግቡ» አልናቸው።

ከዚህ ላይ የቀበሌ ምርጫ ትንሽ ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ያስቁኛል። አንድ የወንጪ ጀልባ ቀዛፊ በኋላ ዘመን ያለኝን ልንገራችሁ፤ «ፓርላማ የሚገባው ሰውዬ የእኔን ስም አያውቀውም፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ግን የላሜን ስም ያውቀዋል» ነበር ያለኝ። እውነቱን ነው። ማዳበሪያ በስምህ የሚወጣው፥ የመሬት ደብተርህ የሚመዘገበው፥ መታወቂያ የምታገኘው፥ ልጅህ ሥራ ሲፈልግ ጠባዩን የሚመሰክርለት ወረቀት የሚጻፈው እዚያ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ቀበሌ፥ በደሴት ላይ ደግሞ ይልቁን፥ ድምፅ ምስጢር ሊሆን አይችልም፤ ፊት ያወጣዋል። ስለዚህም ነው የሁለት ዕጩ መኖር ከየትም ይልቅ እዚያ የሚከብደውና ከየትም ይልቅ እዚያ የሚያስፈልገው።

ሕዝቡ መምረጥ አያውቅም እንዳይባል ደግሞ ዕድሩን ያየ ይመስክር። እኔ ባለሁበት የአምቦ ዕድር ዳኛ ሲመረጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ስሙ የተጠራ ሰው ተነሥቶ ይማጸናል። «ልጆቼን ላሳድግበት፤ ታምሜአለሁ፤ ከእኔ የሚሻል አለ» ይላል። ሰዉ ግን ማን የአስከሬን ቤት ሌሊቱን ሲያድር እንደ ነበር፥ ማን ድንኳን ሲተከል ጉድጓድ እንደ ቈፈረ፥ ማን ገንዘብ ይዞ ያለ ጭቅጭቅ እንደ መለሰ ያውቃል። ክርክሩ እስከ ቀትር ይደርሳል። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች እኩል ሆነው እንደ ገና ተቈጠረ፤ የተሸነፈው ሰው በደስታ ሚስቱን አቀፈ። ከአምቦ ወደ ምዕራብ፥ በጌዶ በኩል፥ ኦዳ ቢስል አለ፤ የሜጫ ኦሮሞ ሕግ ከማኮ ቢሊ ስም ጋር ተያይዞ የሚነሣበት የገዳ ስፍራ ነው። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ይህንኑ ነው። ጐረቤታችን ኦዳ ቢስል ሆኖ ሳለ ለዚህ ሕዝብ ምርጫን በአርባ ደቂቃ ድራማ ለማስተማር መነሣቴ ዛሬ ዛሬ ብቻዬን ሳለሁ ያስቀኛል።

ለምን በዚያ አላቆምኩም? አላቆምኩም። በ2005 ዓ.ም. ምርጫው በድጋሚ ሲመጣ ያው ጥሪ መጣልኝ። አበሉ ጨምሯል። ድርሰቱን ከዓመታት በፊት የሠራሁትን እንዳድሰው ነበር የተጠየቅሁት፤ «ሁለት ዕጩ መኖሩ ሕዝቡን ያደናግራል» ተባለ። ይህን ያሉኝን ሰዎች አላማርራቸውም፤ በጨዋ አነጋገር ነው የነገሩኝ፤ ሻይም ጋብዘውኛል። ባለ ወፍጮውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በአንድ ሌሊት፥ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ጀልባዋን ተውኳት፤ ማዕበሉንም ተውኩት፤ ቀዛፊው ብቻውን ቀርቶ ስለ አንድ ለአምስት አደረጃጀትና ስለ ልማት ሠራዊት ይናገር ጀመር። ጊንጪ ላይ ሰዉ በጸጥታ አየና በጸጥታ ተነሣ። ወንጪ ሐይቅ ዳር እንድናሳይ ፕሮግራም ተይዞ ነበር፤ ታመምኩ ብዬ ቀረሁ። አልታመምኩም ነበር።

በዚያ ሚያዝያ ወር ከ3.6 ሚሊዮን ገደማ መቀመጫዎች ከአምስቱ በቀር ሁሉንም ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዱ። ልክ አንድ ዓመት ሆነው፤ ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ላይ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን ተነሣና አምቦ ከሌሎች ቀድማ ተቃወመች። ተማሪ ወጣ፤ ከተማው ወጣ፤ ጥይት ተተኰሰ፤ ሰው ሞተ። በእነዚያ ቀናት ቤቴ ተዘግቼ ሳለሁ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። በእያንዳንዱ ቀበሌ ሦስት መቶ የተመረጠ ሰው አለ። ሦስት መቶ! ከእነዚህ ውስጥ አንዱ፥ ገበሬው መሬቱን ቢያጣ ምን ይላል ብሎ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ሳይጠይቅ አይቀርም ነበር፥ ዱቤ የማይሰጥ ሰው ቢሆን ኖሮ። ያ ሰው አልነበረም። በየአዳራሹ ያልተባለው ነገር መንገድ ላይ ወጣ። ፕላኑ ከብዙ ሕይወት በኋላ ጥር 2008 ዓ.ም. ላይ ተሰረዘ። አንድ ባለ ወፍጮ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር የሚል የዋህ አይደለሁም። በሰማያዊ እስክሪብቶ ስሰርዘው ግን ማንን እንደ ሰረዝኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ2010 ዓ.ም. ይደረግ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ፤ ደግሞም ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አካባቢያችን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ የቀበሌው ኮሮጆ አልተዘረጋም። ከማንም በላይ ስለ ትንሹ ምርጫ ሲያስብ የኖረ ሰው በመሆኔ ይህን በልዩ ሁኔታ ነው የተመለከትኩት። ሰዉ ግን ብዙም ያነሣው አልመሰለኝም።

በቅርቡ ወደ ወንጪ ወርጄ ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ ትልልቅ ሕንፃ ተሠርቷል፤ መንገዱ ተሻሽሏል፤ እንግዳው በዝቷል። ፈረሰኞቹና ጀልባ ቀዛፊዎቹ ከድሮም ጀምሮ ተራ የሚጠባበቁበት ሥርዓት አላቸው። ተራ አስከባሪያቸውን ሲመርጡ ደረስኩ። ሁለት ወጣቶች ቀርበው ነበር። አንደኛው ባለፈው ወር የወንድሙን ፈረስ ያለ ተራው አስወጥቷል ተብሎ ግማሽ ሰዓት ተፋጠጠ፤ ራሱን ተከላከለ፤ በመጨረሻ ተሸነፈ፤ ቅር ተሰኝቶ ሄዶ ፈረሱን መቦረሽ ያዘ። ማንም አልሳቀበትም። በደሴቲቱ የሚሻገር ጀልባ ስጠብቅ ስለ እኒያ እናት ጠየቅሁ። ስማቸውን አላውቀውምና ምልክት ነው የተናገርኩት፤ ድራማ ሲታይ ከፊት የሚቀመጡ፥ ተዋናይ የሚመክሩ፥ አልኩ። ጀልባ ቀዛፊው ጥቂት አሰበና «እንዲህ ዓይነት እናቶች እኮ እዚህ ብዙ ናቸው፥ ጋሼ» አለኝ።

ባለፈው ክረምት የአምቦ ቴአትር ወዳድ ወጣቶች የድሮውን ድርሰት ከየት እንደ ሰሙ አላውቅም፥ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ሁለቱንም ቅጂ አወጣሁ። የ2005ቱን ምድጃ ውስጥ ልጨምረው አስቤ ነበር፤ ግን ሰነድ ነውና አስቀመጥኩት። የ2000ውን በእጄ ገለበጥኩላቸው፤ ሦስት ቦታ ላይ ቃል አሻሻልኩ፤ የማዕበሉን ትዕይንት አሳጠርኩ፤ ወጣት ሆኜ ማዕበል አበዛ ነበር። አዘጋጁ፥ ብልህ ልጅ ነው፥ ትናንት ቤቴ መጥቶ የተዋናይ እጥረት አለብን አለኝ። ለቀዛፊውና ለመራጮቹ ሰው ተገኝቷል፤ በጀትም ጠባብ ነው፤ አንዳንድ ገጸ ባሕርያትን ማስወጣት ይቻል እንደ ሆነ በትሕትና ጠየቀኝ። ካህኑን አስወጣ፥ ነጋዴዋን አስወጣ፥ ፖሊሱንም ከፈለግህ አስወጣ አልኩት። ባለ ወፍጮውን ማን ይጫወተው አለኝ። ሰው ከጠፋ እኔ እጫወተዋለሁ አልኩት፤ ነገ ማታ ልምምድ እንጀምራለን።